የቀኝ ሜዳውን ወንበር ያዙ፦ ቲ-ሞባይል ፓርክ እና የኢቺሮ ሲያትል

ሲያትልና አካባቢዋ እየኖራችሁ የሲያትል ማሪነርስ ቤዝቦል ክለብ የሚጫወትበትን ስታዲየም፣ ቲ-ሞባይል ፓርክን፣ ከባቡር መስኮት ብቻ የምታውቁት ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ቤዝቦል ምኑም አይገባኝም የምትሉ ደግሞ በተለይ። ምክሬን አስቀድሜ ልናገር። ቲኬት ስትገዙ ከመቺው ጀርባ ያለውን ውድ ወንበር እርሱት። በቀኝ ሜዳ (ከመቺው ሲታይ በስተቀኝ ባለው የውጭ ሜዳ) በኩል፣ ከአጥሩ ኋላ ያለውን የታችኛውን ክፍል ያዙ። ጃፓናዊው የክለቡ የቀድሞ ኮከብ ኢቺሮ ሱዙኪ አብዛኛውን የሲያትል ዘመኑን የቆመው እዚያ ፊት ለፊት ነው። መለያ ቁጥሩ 51 ስለነበር ደጋፊዎች ያንን ጥግ «ኤሪያ 51» ብለው ሰይመውታል።

ለምን እዚያ? ቴሌቪዥን ላይ ካሜራው ወርዋሪውና መቺው ላይ ተተክሎ ይውላል። ውጭ ሜዳ ላይ የቆሙት ሦስት ሰዎች የሚታዩት ኳስ ወደነሱ ሲበር ብቻ ነው። ቀኝ ሜዳ አጠገብ ስትቀመጡ ግን ተጫዋቹ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ሲዘጋጅ፣ ኳሷ ዱላውን ስትነካ ደግሞ የምቱ ድምፅ ገና እናንተ ጋ ሳይደርስ እግሩን ሲያስቀድም ታያላችሁ። ኢቺሮ እዚህ ቦታ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ አያውቅም። በውርወራና በውርወራ መሃል ይንጠራራል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ትከሻውን ያፍታታል። ኳስ ወደሱ ባትመጣም ሰውነቱ እንዲቀዘቅዝ አይፈቅድም።

ርቀቱንም በዓይናችሁ ለኩት። ከቀኝ ሜዳ እስከ ሦስተኛው ቤዝ (ሯጭ በተራ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች ሦስተኛው) ድረስ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኦክላንድ ላይ ቴረንስ ሎንግ የሚባል ሯጭ ከአንደኛው ቤዝ ተነስቶ ሦስተኛው ለመድረስ ሞከረ። ኳሷ ኢቺሮ እጅ ገባች። ሰውየው አሜሪካ ሊግ ውስጥ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፣ ክንዱን በደንብ የሚያውቀው የለም። ወረወራት። መሬት ሳትነካ፣ ቀጥ ብላ፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የቆመው ጓደኛው ጓንት ውስጥ ገባች። ሎንግ እየተንሸራተተ ሲደርስ ኳሷ ቀድማው ነበር። ቪዲዮውን ስልክ ላይ ብታዩት ጥሩ ውርወራ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ፤ ቀኝ ሜዳ ተቀምጣችሁ ያንን ርቀት ስታዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በተከታታይ 10 ዓመት የወርቅ ጓንት ሽልማት (ኳስ በመያዝና በመከላከል ለበለጠ ተጫዋች የሚሰጠውን) የወሰደውም በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

መድረሱ ቀላል ነው። ሬኒየር ቢች፣ ኦቴሎ ወይም ኮሎምቢያ ሲቲ የምትኖሩ፣ ማለትም ግማሹ ያገራችን ሰው፣ ባቡሩን ይዛችሁ ስታዲየም የሚባለው ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ ትንሽ መራመድ ነው። ለመኪና ማቆሚያ ገንዘብ አታባክኑ። ምግብም ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። በደንብ የታሰረ ምግብና ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ ይፈቀዳል፤ በሁሉም ስታዲየም የሚገኝ ነገር አይደለም። በፍልሰታ ለምትጾሙ ትልቅ ግልግል ነው። ውስጥ የሚሸጠው እንደማንኛውም ስታዲየም ውድ ነው። ደፋር ከሆናችሁ በቺሊና በሎሚ የተቆላ ፌንጣ ይሸጣል። እኔ አልቀመስኩትም፣ የመቅመስ ሐሳብም የለኝም።

ጃኬት ግን አትርሱ። ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፣ ወደ 9 ኤከር የሚጠጋ ቦታ ይሸፍናል፣ ከዝናብም ያድናል። ጎኑ ግን ክፍት ስለሆነ ነፋሱ እንደልቡ ይገባል። በሚያዝያ ማታ ቀዝቃዛ ነው። በአጠገቡ የሚያልፈው የጭነት ባቡርም በየጊዜው ጥሩምባውን ይነፋል። አንዳንዱን ሰው ይረብሸዋል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ዋናው መተላለፊያ ላይ ወዳለው የክለቡ የክብር አዳራሽ ጎራ በሉ። ኢቺሮ እዚያ የገባው በ2022 ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የጃፓን ዘመኑን አንብቡ፣ ያለሱ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ሲያትል ሲመጣ 27 ዓመቱ ነበር፣ አገሩ ላይ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ነው። የኮቤው ክለብ ኦሪክስ በ1991 ሲመርጠው በአራተኛ ዙር ነበር። በ1994 አኪራ ኦጊ አሠልጣኝ ሆኖ መጣና አመነበት። ሱዙኪ የሚለው ስም በጃፓን እጅግ የበዛ ስለሆነ ማልያው ላይ «ኢቺሮ» ብቻ እንዲጻፍ አደረገ። በዚያው ዓመት በ130 ጨዋታ 210 ጊዜ መታ፤ መታ ስል ኳሷን መትቶ በሰላም ቤዝ ደረሰ ማለቴ ነው። ከሱ በፊት በጃፓን ሊግ በአንድ ዓመት 200 የደረሰ ሰው አልነበረም። በጥር 1995 ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,000 በላይ ሰው ገደለ። ክለቡ ከተማዋን የሚያበረታታ መፈክር እጅጌው ላይ ለጥፎ ተጫወተና የሊጉን ዋንጫ በላ፤ በ1996 ደግሞ የጃፓን ሻምፒዮን ሆነ። ኢቺሮ ለሰባት ተከታታይ ዓመት የሊጉ ምርጥ መቺ ነበር። ሲያትል ከኦሪክስ ጋር ለመደራደር ብቻ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከፈለው ለዚህ ነው።

እንዲያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ተጠራጥሮት ነበር። ቀጭን ነው፣ ጉልበት የለውም፣ የጃፓን መቺ እዚህ አይሆንለትም አሉ። ያኔ ከጃፓን መጥተው የተሳካላቸው ወርዋሪዎች እንጂ መቺዎች አልነበሩም። በመጀመሪያው ዓመት 242 ጊዜ መታ፣ 56 ቤዝ ሰረቀ (ማለትም ኳስ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ያዘ)፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ሲያትል በዚያ ዓመት 116 ጨዋታ አሸነፈ፣ ከዚያ ግን በኒውዮርክ ያንኪስ ተሸንፎ ቀረ። ክለቡ እስከ 2025 ድረስ አንድም ጊዜ ለመጨረሻው የዋንጫ ፍልሚያ አልደረሰም። ኢቺሮን የሚያህል ሰው ያን ሳያይ መሄዱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንዳንዶች «አጫጭር ምት ብቻ ነው የሚመታው» ብለው ያጣጥሉታል። አልስማማም። እርግጥ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የመታው ሆምራን፣ ማለትም አጥሩን አልፎ የሚሄድ ምት፣ 117 ብቻ ነው። ግን ቤዝቦል ውስጥ ከአሥር ሦስት የመታ ሰው ጎበዝ ነው የሚባለው፣ እሱ ደግሞ ይህንን አሥር ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ሠራ፤ በየዓመቱ ከ200 በላይ። ሜዳው ላይ የምታዩት ግራኝ መቺ ሁሉ ወደ አንደኛው ቤዝ ትንሽ ይቀርባል። ኢቺሮ ይህቺን ጥቅም እስከ ጥግ ተጠቀመባት። ዱላውን ሲያወዛውዝ ሰውነቱ መሮጥ ጀምሮ ነበር። ሌላው ሰው ቢመታት በቀላሉ ተይዛ የምትቀር የምትንከባለል ኳስ ለሱ ቤዝ ናት። በ2004 በአንድ ዓመት 262 ጊዜ መትቶ ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበውን 257 ሰበረ። ያ ምት እዚሁ ስታዲየም ውስጥ ነው የተመታው።

እዚሁ ሜዳ ላይ የሆነ ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 23 ቀን 2012 ለያንኪስ ተሰጠ። ያንኪስ በዚያ ቀን ሲያትል ውስጥ የሚጫወቱ ስለነበር በአንድ ከሰዓት ከአንዱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ወደ ሌላው ሄደ። የእንግዳውን ማልያ ለብሶ ሊመታ ሲወጣ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት። ቆቡን አውልቆ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ከዚያ መታ፣ ሁለተኛውን ቤዝም ሰረቀ። ስታዲየሙ ከዚህ የበለጠ ምን ማሳየት ይችላል?

ቀጥሎ ማያሚ ሄደ። በ2016 ኮሎራዶ ላይ 3,000ኛውን መታ። በ2018 ወደ ሲያትል ተመለሰና መጋቢት 21 ቀን 2019 በ45 ዓመቱ ቶኪዮ ዶም ውስጥ፣ በአገሩ ሰው ፊት ጨረሰ። የአሜሪካው 3,089፣ ከጃፓኑ 1,278 ጋር ሲደመር 4,367 ይሆናል። በ2025 ኩፐርስታውን ወዳለው የአሜሪካ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲመረጥ ከ394 መራጭ 393ቱ ድምፅ ሰጡት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሲያትል 51 ቁጥርን ማንም ዳግመኛ እንዳይለብሰው አደረገ። ለሱ ክብር በቂ ነው ብዬ አላስብም፣ ግን ተገቢ ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላም ከክለቡ አልራቀም። የክለቡን ልብስ ለብሶ ከተጫዋቾቹ ጋር መለማመዱን አልተወም። ስለዚህ በሩ እንደተከፈተ ግቡ። እሱን ባታገኙት እንኳ የቀኝ ሜዳ ተጫዋቾች ከግድግዳ የምትነጥር ኳስ ሲለማመዱ ማየት ብቻውን ያዋጣል።

በመጨረሻ ስለ ቲኬት። ከክለቡ መተግበሪያ በቀጥታ ግዙ፣ ስልካችሁ ላይ ይመጣል። እኔ ከአንድ ዳግም ሻጭ ድረ ገጽ ስገዛ መክፈያው ላይ ስደርስ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮበት ዋጋው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በሳምንቱ መሃል ያሉት ጨዋታዎች ከቅዳሜና እሁድ ይረክሳሉ። ያንኪስ ወይም ዶጀርስ ሲመጡ ደግሞ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ፣ ከሐምሌ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ቀኝ ሜዳ፣ ታች።