«ሙሉ ስቱዲዮ በአንድ ካርቶን»፦ እኔ ተሸውጃለሁ፣ እናንተ እንዳትሸወዱ

ካርቶኑን የከፈትኩ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማይክ አለ። የማይክ መያዣ ክንድ አለ። ፖፕ ፊልተር («ፐ» ስትሉ ማይኩን የሚመታውን ትንፋሽ የሚያግድ መረብ)፣ ሄድፎን፣ መብራቱ ቀለም የሚቀያይር ትንሽ ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሣጥን)፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አሥራ ሁለት ቁራጭ ስፖንጅ። ማስታወቂያው «ፕሮፌሽናል የቤት ስቱዲዮ፣ ምንም አይጎድለውም» ይል ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ዕቃ የምጠቀምበት ፖፕ ፊልተሩን ብቻ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ሙዚቃ መቅዳት ለመጀመር እንዲህ ያለ ጥቅል ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ።

ከማይኩ ልጀምር። ላዩ ላይ በወርቃማ ቀለም «ኮንደንሰር» ተብሎ ተጽፏል፤ ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ የማይክ ዓይነት ነው። የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ በደንብ እንዲሠራ አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ይፈልጋል። ፋንተም ፓወር የሚሉት እሱን ነው። ከኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ወይም ከሚክሰር (ድምፆችን የሚያደባልቅ መሣሪያ) ተነስቶ በማይኩ ኬብል በኩል ይመጣል። ከጥቅሉ ጋር የመጣው ኬብል ግን አንዱ ጫፉ የማይክ ሆኖ ሌላው የስልክ ጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ቀጭን ጃክ ነው። በዚያ ቀዳዳ የሚመጣው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀረጻዬን ሳዳምጥ የምዘፍነው ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኜ ይመስላል። ጌኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ፣ ጨመርኩ። ድምፄ ከፍ ሲል «ሽሽሽ» የሚለውም አብሮት ከፍ አለ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ጌኑን እስከ መጨረሻው ክፈተው» አለኝ። ከፍቼዋለሁ አልኩ። «ችግሩ የኮምፒውተርህ ነው» አለ። በሌላ ኮምፒውተር ቀድቼ ላኩለት። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ማታ ንዴቴ አላስተኛ ሲለኝ ማይኩን ፈታሁት። ከዚያ ትልቅ ወርቃማ ወንፊት ሥር ትልቅ ካፕሱል፣ ማለትም ድምፁን የሚቀበለው የማይኩ ልብ፣ ይኖራል ብዬ ነበር። ትልቅ ዲያፍራም የሚባሉት የስቱዲዮ ማይኮች ወደ 25 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ዲያፍራም (ድምፅ ሲነካው የሚርገበገብ ስስ ሽፋን) አላቸው። እኔ ያገኘሁት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል አንዲት ኤሌክትሬት (ቋሚ ቻርጅ የያዘ የኮንደንሰር ዓይነት) ካፕሱል ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይዘዋታል። የቀረው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ለነገሩ ኤሌክትሬት በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በጣም ጥሩ የኤሌክትሬት ማይኮች አሉ። ያበሳጨኝ ትንሿን በትልቅ ቆብ መሸፈናቸው ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያ ስታዩ ሁለት ነገር ፈልጉ። ማይኩ 48 ቮልት የሚፈልግ ከሆነ፣ ያንን የሚሰጥ መሣሪያ ካርቶኑ ውስጥ አለ ወይ? የማይኩ የራሱ ጫጫታ በዴሲቤል ተጽፏል ወይ? ደህና የሚባል የስቱዲዮ ኮንደንሰር ብዙውን ጊዜ ከ20 በታች ነው። ቁጥሩን የማይጽፍ ሻጭ የማይጽፍበት ምክንያት አለው። ዕቃው ሲደርሳችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ሰላሳ ሰከንድ ዝምታ ቅዱ። ከዚያ ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመደበኛ ድምፃችሁ አውሩ። ሁለቱን በሄድፎን አዳምጡ። ካልጣማችሁ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ መልሱ። ካርቶኑን እንዳትጥሉት! እኔ በመጀመሪያው ቀን ቀድጄ ጥዬው ነበር።

«192 ኪሎ ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ፤ ሲቀዳ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ነው የሚናገረው። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው። በ44.1 ኪሎ ኸርዝ መቅዳት እስከ 22,050 ኸርዝ ድረስ ይይዛል። 24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት ዝርዝርነት) ግን ይጠቅማችኋል፤ ዝቅ አድርጋችሁ በሰላም መቅዳት ትችላላችሁ። ከፍተኛው ድምፃችሁ ከዜሮ (ካለፈ ድምፁ ከሚበላሽበት ጣሪያ) በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ላይ ቢውል ይበቃል። ቀዩን መብራት መንካት ጀግንነት አይደለም።

አሁን ወደ ስፖንጁ። እዚህ ላይ ነው የበለጠ የተቃጠልኩት። «ድምፅ አያስወጣም፣ አያስገባም» ይላል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ድምፅን የሚያግደው ክብደትና ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ ነው። ስፖንጅ ደግሞ ቀላልና አየር የሚያሳልፍ ነገር ነው። የክፍሉን ማስተጋባት እንኳን በቅጡ አይቀንስም። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 3.4 ሜትር ነው። የኔ ስፖንጅ ውፍረት 2.5 ሴንቲ ሜትር! የሚውጠው ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ወፍራሙ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ክፍሌ ከመለጠፌ በፊት ያስተጋባ ነበር፤ ከለጠፍኩ በኋላ ደግሞ ድምፄ ታፍኖ ከሥሩ «ቡም ቡም» ይል ጀመር።

የእሳቱም ነገር ቀልድ አይደለም። በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ከመድረክ ርችት የተነሳ እሳት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፖሊዩረቴን ስፖንጅ ያዘው። 100 ሰው ሞተ። የእሳት ደረጃው ያልተጻፈበትን ስፖንጅ ከመኝታችሁ አጠገብ አትለጥፉ።

እኔን የገላገለኝ ከካርቶኑ የወጣ ዕቃ አይደለም። ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ከጀርባዬ ሰቀልኩት። ለምን ከጀርባ? የምጠቀምበት ማይክ በይበልጥ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው። ከፊቱ ያለሁት ደግሞ እኔና ከኔ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ነን። ልብስ የሞላበትን ቁም ሣጥን ከፍቼ በጎን አደረግኩ። ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቆምኩ። ክፍሉ የተዝረከረከ መጋዘን መሰለ፤ ቀረጻው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረጻ መሰለ። በኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሮክዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር) በእንጨት ፍሬም ውስጥ አድርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ጥጉ ላይ አቆምኩ። ወፍራሙ ድምፅ ያኔ ቀነሰ።

ሄድፎኑም የራሱ ጉድ ነበረው። ድምፅ ያፈስሳል። አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ቀድቼ፣ በጣም ለስለስ ያለው ቦታ ላይ ከድምፄ ሥር «ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ» ይሰማኛል። ከሄድፎኑ ወጥቶ ማይኩ ውስጥ የገባ የክሊክ (ምት እንድጠብቅ የማዳምጠው ቆጠራ) ድምፅ ነው። በምንም ኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያ) አይወጣም። ዘፈኑን እንደገና ቀዳሁት። ለቀረጻ ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ሄድፎን ያስፈልጋል።

ሌላው ወጥመድ ካርቶኑ ውስጥ በወረቀት የመጣው «በአንድ ክሊክ ሚክስ» የሚሉት ፕሪሴት ነው፤ ቅጂዎችን ለማደባለቅ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቅንብር ማለት ነው። በውስጡ ያለው ኮምፕሬሰር (የሚጮኸውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) የሚሠራው ድምፃችሁ ስንት ዴሲቤል ላይ እንደተቀዳ አይቶ ነው። ፕሪሴቱን የሠራው ሰው የእናንተን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። የኔን ቅጂ አንዴ ደፍጥጦ ጨረሰው፣ አንዴ ጭራሽ ሳይነካው ቀረ። ሚክስ ስታደርጉ ከምትወዱት ዘፈን ጋር በተመሳሳይ የድምፅ መጠን እያፈራረቃችሁ አዳምጡ። ከፕሪሴቱ ይልቅ ይህ ያስተምራችኋል። «በጣም የሚጮህ ማስተሪንግ» (የዘፈኑ የመጨረሻ ማስተካከያ) የሚሸጡትንም እለፏቸው። ስፖቲፋይ ላይ ብትለቁት ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያመጣዋል። የጮኸውን ዝቅ ያደርግላችኋል፤ የተጨፈለቀው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል።

እኔ ዳግም ብጀምር 48 ቮልት የሚሰጥ ባለ ሁለት መግቢያ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ አንድ ዳይናሚክ ማይክ (በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚሠራ) እና አንድ ዝግ ሄድፎን ለየብቻ እገዛ ነበር። ዳይናሚኩ ፋንተም አይፈልግም። ቀረብ ብላችሁ ስትዘፍኑበትም የክፍሉን ማስተጋባት ብዙ አያነሳም። ያገለገለ ብትገዙ ነውር የለውም። ግን ተመሳስሎ የተሠራ ሞልቷል። ለምሳሌ የሹር ኤስኤም58 ማይክ ከ1966 ጀምሮ የሚሸጥ ነው፤ አስመሳዩም ብዙ ነው። ዋናው ወደ 298 ግራም ይመዝናል። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በጣም ከቀለለ ለባለቤቱ መልሱ።

ትናንት ያንኑ ካርቶን በሌላ ስም ሲሸጥ አየሁት። ፎቶው ያው ነው፤ የሳውንድ ካርዱ መብራት እንኳን አልተቀየረም። «አዲስ፣ የተሻሻለ» ይላል። ስፖንጁ ሃያ አራት ሆኗል።