ሲምፕልኖት ወይስ ኦብሲዲያን?

ሁለቱም ያለ ጌጥ ለሚጽፍ ሰው የተሠሩ የማስታወሻ መተግበሪያዎች ናቸው፤ በአንድሮይድ፣ በአይፎን፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራሉ። የሚለያዩት በዋናነት ማስታወሻው በሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ወጪ፦ ሲምፕልኖት ከነማመሳሰያው (ማስታወሻውን በሁሉም መሣሪያዎች ላይ አንድ ዓይነት ከሚያደርገው አገልግሎት ጋር) ነፃ ነው። ኦብሲዲያንም ነፃ ነው፤ የራሱ የማመሳሰያ አገልግሎት ግን ያስከፍላል።

ቅለት፦ ሲምፕልኖት በኢሜይል ከመግባት ሌላ ዝግጅት አይፈልግም። በስልክ የተጻፈው ወዲያው ኮምፒውተር ላይ ይታያል፤ ምስል ግን አይቀበልም። ኦብሲዲያን መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሥጋት፦ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ኦብሲዲያን እያንዳንዱን ማስታወሻ በራስዎ መሣሪያ ላይ ተራ የማርክዳውን ፋይል (በቀላል ምልክቶች የሚቀረጽ ጽሑፍ) አድርጎ ያስቀምጣል። ኩባንያው ነገ ቢዘጋ እንኳ ፋይሉ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና የለም። መጠባበቂያ ቅጂ የመያዙ ኃላፊነት ግን የእርስዎ ነው። በአንድ አቃፊ ላይ ሁለት የማመሳሰያ አገልግሎቶችን መደራረብ ደግሞ ፋይሎችን ያጋጫል፤ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ሲምፕልኖት ማስታወሻውን በአገልጋዩ ላይ ያኖራል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ምስጠራ (ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነብ የሚያደርግ ጥበቃ) ስለሌለው የይለፍ ቃል ፈጽሞ አይጻፍበት። የቀድሞ ቅጂዎችን መመለስ መቻሉ ግን በስሕተት ለሰረዘ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ለድንገተኛ ሐሳብና ለዕለት ዝርዝር ሲምፕልኖት ይበቃል። ለዓመታት ለሚጠራቀምና እርስ በርሱ ለሚያያዝ ጥናት ኦብሲዲያን ይሻላል። ለሚያመነታ ሰው፣ ሲምፕልኖት ማስታወሻዎችን በጽሑፍ ፋይል መልክ ማውጣት ስለሚፈቅድ በእሱ ጀምሮ በኋላ መሻገር ይቻላል።