ሁለት ባለሙያ ያቃታቸውን ኮምፒውተሬን ላስነሳልኝ ልጅ

"ያቺ ኮምፒውተርሽ እንዴት ሆነች?" እያላችሁ በየመንገዱ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሱን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። ድናለች። ማን እንዳዳናትም እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ አራት ኪሎ ላይ አንዲት ትንሽ የጽህፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የተማሪ መመረቂያ ጽሁፍ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የእድር ደብዳቤ፣ የመጣውን ሁሉ እንተይባለን። የምሠራባት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ናት። አሮጌ መሆኗን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ ያገለገለች ነው የገዛኋት፣ እኔም ጋ ብዙ አገልግላለች። ችግሩ ዲ ላይ፣ ማለትም ሰነዶቼን ሁሉ በማስቀምጥበት የሃርድ ዲስኩ ክፍል ላይ፣ ያለው ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ውል ያጻፈ ሰውዬ "እትዬ፣ ያንን ወረቀት ጠፋብኝ፣ እባክሽ ደግመሽ አውጪልኝ" ብሎ ሲመጣ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ደንበኛዬን ያቆየልኝ ይሄ ነው።

ከገና ማግስት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሯ አልነሳ አለች። ሰማያዊ ስክሪን ታሳያለች፣ ትጠፋለች፣ ትነሳለች፣ ደግማ ሰማያዊ። እስከዚያ ቀን ዊንዶውስ 7 ነበር ያላት። አዎ፣ ሰባት። አትሳቁ።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ ገና ኬዙን ሳይከፍት "ፎርማት ነው" አለኝ፤ ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ሁሌም ፎርማት ነው! ዲ ላይ ያለውን እንዳትነካብኝ ብዬ ለመንኩት። "አዲሱን ዊንዶውስ 11 እጭንልሻለሁ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ማለፊያ ያለው ፍላሽ አለኝ" ብሎ ሰካ። የዊንዶውሱ ምልክት ይመጣና ኮምፒውተሯ ራሷን ታጠፋለች። አምስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ "ፍላሹ ተበላሽቷል" ብሎ ሌላ ሊያመጣ ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ቅድሚያ የከፈልኩትም አብሮት ሄደ።

ሁለተኛው ጋ ተሸክሜ ወሰድኳት። እሱ የሰካው ፍላሽ ጭራሽ ኮምፒውተሯ ልትነሳባቸው ከምትችላቸው ነገሮች ዝርዝር ላይ አልታይ አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ነካክቶ "ማዘርቦርዱ አብቅቶለታል፣ ለእቃ እገዛሻለሁ" አለኝና የጠራው ዋጋ የኪቦርድ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ኮምፒውተሯን ታቅፌ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ረዳቱ "እማማ፣ ለእሷም ይከፈላል" ብሎ አሳቀኝ እንጂ።

ይህን ልጅ ያገናኘችኝ መመረቂያዋን የጻፍኩላት ተማሪ ናት። ድሮ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበር የሚሠራው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ዕቃውን ይዞ ወረደ፤ አሁን ከብሔራዊ ትያትር ብዙም ሳይርቅ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ነው ያለው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጪ ቆሞ ይጠብቃል።

የመጀመሪያ ጥያቄው ምን መሰላችሁ? "እትዬ፣ ውስጡ የማይጠፋ ምን አለ?"

ዲን ነገርኩት። ኮምፒውተሯን ሳያበራ ሃርድ ዲስኩን ፈታ፣ በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘ፣ ቁጭ ብሎ መገልበጥ ጀመረ። ዲን ብቻ አይደለም፤ ዴስክቶፑንም፣ ሳልነግረው የፎንት ፎልደሩንም ገለበጠ። ለምን ፎንት እንደሚያስፈልገው ያን ቀን አልገባኝም ነበር፤ እመለስበታለሁ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ የተማሪ ደብተር ከፍቶ በእርሳስ ይጽፋል፦ ሰዓት፣ ያደረገው ነገር፣ የሆነው ነገር። እኔ ሐኪም እንኳ እንዲህ ሲጽፍልኝ አላየሁም።

ከዚያ የሁለቱን ባለሙያዎች ታሪክ ነገርኩት። አልሳቀባቸውም፣ አላማቸውም። ፕሮሰሰሯ (አንጎሏ በሉት) ኮር ቱ ዱዎ የሚባል የድሮ ዓይነት መሆኑን አሳየኝና አስረዳኝ። ዊንዶውስ 11 ሲጫን የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፤ የማለፊያ ፍላሽ የሚባለው ጥያቄውን ያዘልላል። ከ24ኤች2 እትም ወዲህ ግን ዊንዶውሱ ራሱ "ፖፕካውንት" የምትባል የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይጠቀማል፣ ይህቺን ትእዛዝ ደግሞ ኮር ቱ ዱዎ ከነጭራሹ አያውቃትም። "ጥያቄውን ማዝለል ይቻላል፣ የሌለውን ነገር ማምጣት ግን አይቻልም" አለኝ። ለዚህ ነው ምልክቱ ላይ ስትደርስ ራሷን የምታጠፋው። የሁለተኛው ባለሙያ ፍላሽ ደግሞ የተዘጋጀው ዩኢኤፍአይ የሚባል አዲስ ዓይነት ማስነሻ ላላቸው ለአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ነበር። የእኔዋ ባዮስ የሚባለው የድሮው ማስነሻ ነው ያላት፤ ፍላሹ ቢሰካም አታየውም። የሞተ ማዘርቦርድ የለም ማለት ነው።

ለእሷ በሚሆን መንገድ ሌላ ፍላሽ አዘጋጅቶ ዊንዶውስ 10 መጫን ጀመረ። በ34 ፐርሰንት ቆመ። ደገመው፣ በ71 ቆመ። እኔ ልቤ ወደቀ፤ ልጁ ግን ጭራሽ ደስ አለው! "አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢቆም ፍላሹን እጠረጥር ነበር። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ከቆመ ራሙ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻዋ፣ ነው።" ቀጥሎም "ከዚህ መጀመር ነበረብኝ፣ ሁለት ሰዓት አባከንኩብሽ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እስቲ በዚህ ከተማ ሳይጠየቅ ጥፋቱን የሚናገር ባለሙያ ስንቱን ታውቃላችሁ?

ሜምቴስት የሚባል ራም መፈተሻ አስነሳ። ሰማያዊ ገጽ ላይ ቁጥር ይሮጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ቀይ መስመር፣ ከሥሩ ሌላ ቀይ፣ ከዚያ ገጹ ቀይ በቀይ ሆነ። አጠፋት፣ ገመዱን ነቀለ፣ ሁለቱን ራሞች አወጣ። አቧራው ተነባብሮ ብርድ ልብስ መስሏል። ከልጆች ቦርሳ የወጣ የሚመስል ነጭ ላጲስ አነሳና የራሙን ወርቅማ ጥርሶች ቀስ እያለ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈተገ፤ ላጲሱ ጠቆረ፣ ጥርሶቹ አበሩ። ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠረገና አንዱን ብቻ ሰክቶ ፈተሸ። ንጹህ። አውጥቶ ሌላውን ሰካ። ቀይ። ቦታ ቀየረለት፣ አሁንም ቀይ። "ይሄ ነው" አለና በእጄ ሰጠኝ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ልጥለው አልፈለግሁም።

ከጎረቤት ሱቅ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ራም አምጥቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ፈትሾ ነው የሸጠልኝ። ከጤነኛው ባለ 2 ጊጋ ጋር 6 ሆነ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ መጠባበቂያ አድርጎ በእሱ ቦታ አንድ ኤስኤስዲ፣ ፈጣኑን አዲስ ዓይነት ዲስክ፣ አስገዛኝ። ባትሪውንም፣ ያቺ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ሲአር 2032፣ ቀየረ። ለካ ኮምፒውተሯ በጠፋች ቁጥር ቀኑ ወደ 2009 የሚመለሰው በእሷ ምክንያት ነው። በፈረንጅ 2009 ማለቴ ነው፤ እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን ሲባል እሷ ከእኛም ብሳ ተገኘች። ብሮውዘሩ "ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም" እያለ ሲያስቸግረኝ የኖረውም ለዚሁ ነው፤ ቀኑ ከተሳሳተ የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ቀኑ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። እኔ እኮ ኢንተርኔቱን ነበር ስረግም የኖርኩት።

አሁን ምን ተጫነ? እዚህ ላይም ዝም ብሎ የራሱን ምርጫ አልጫነብኝም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም የደህንነት ማሻሻያው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማብቃቱን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ጣቴ የለመደውን ፓወር ግዕዝ፣ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራውን የአማርኛ መተየቢያ፣ አልተውም አልኩ። ስለዚህ ሁለቱንም ጫነልኝ። ስትነሳ ትጠይቀኛለች። ዊንዶውስ 10 ለመተየብ ብቻ፣ ኢንተርኔት አይገናኝም። ለኢንተርኔትና ለተማሪ ፍላሽ ደግሞ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሊኑክስ ሚንት 22 የሚባል ሥርዓት፣ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነት፤ ድጋፉ እስከ 2029 በፈረንጅ ይቆያል።

የተማሪ ፍላሽ ነገር የጽህፈት ቤት ሰው ይገባዋል። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት (ፎልደር የሚመስል አቋራጭ) ሆኖ ይመጣል፣ አንዱን ስትነኩት ቫይረሱ የእናንተም ይሆናል። ሚንት ላይ ስከፍተው ያ ሾርትከት የማይሠራ ተራ ፋይል ነው፤ የተደበቀውን እውነተኛውን ፎልደር አገኝና ለተማሪው አጽድቼ እመልሳለሁ። እንደ ጠንቋይ ነው የሚያዩኝ።

አሁን ወደ ፎንቱ። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ የድሮ ሰነዶቼን ስከፍት ግማሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ሆኑብኝ። ደንግጬ ደወልኩለት። ለካ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መተየቢያ፣ ዘመን የተጻፉት ናቸው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በፈረንጅ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር፣ እኛም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በለመድነው ቀጠልን። ፎንቱ ከሌለ ወንበሩ ብቻ ይታያል። ያኔ ሳልነግረው የገለበጠውን የፎንት ፎልደር በማግስቱ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ፣ ከብሔራዊ አራት ኪሎ ድረስ፣ በእግሩ። ገና ሃርድ ዲስኩን ሲያየው ነው ይህ ቀን እንደሚመጣ ያወቀው።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን፤ ፕሪንተሬ፣ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020፣ ሚንት ላይ መብራቷን እያበራች ዝም አለች። ገመዱን ጠርጥሮ ቀየረ፤ አልነበረም። ይህቺ ፕሪንተር ለካ የምትሠራበትን ፕሮግራም ራሷ አትይዝም፣ በበራች ቁጥር ከኮምፒውተሩ ነው የምትቀበለው፤ እሱን የሚልክላት ተጨማሪ ፋይል ሲጫን አተመች። የገመዱን ዋጋ አልተቀበለኝም።

ለሁለት ቀን ድካሙ 1,200 ብር ነው የጠየቀኝ፣ ዕቃው ለብቻው። ሌላ 300 ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ፤ በቡና ተስማማን።

እንከኑንም ልናገር። ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም፣ አትናደዱበት። ቀርፋፋ ነው፤ በአንድ ሰዓት ይለቅልኝ የምትሉ ሌላ ሰው ፈልጉ። ዓርብ ከ6 ሰዓት በኋላ ለጁምዓ ይዘጋል፣ ሲመለስም ወረፋ ይጠብቃችኋል። የተሰረቀ የሚመስል ላፕቶፕ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ በር ላይ ነው የሚመልሳችሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ አደራ ብሎኛል፣ ባንዴ ብዙ ሰው ይመጣና ሥራዬን አበላሻለሁ ብሎ ነው። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ኮምፒውተሩን ከነሃርድ ዲስኩ ውሰዱ፣ የፕሪንተራችሁን ሞዴል ጽፋችሁ ያዙ፣ "የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ ናት የላከችን" በሉት። ከደብተሩ የቀደደልኝን ገጽ፣ ያደረገውን ሁሉ በእርሳስ የጻፈበትን፣ ኬዙ ጎን ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ቀጣዩ ባለሙያ ሳይከፍታት ያንን ያነባል።