ፊልም አውቃለሁ ባዮች እስቲ ፍሬምድን ሞክሩት

ፊልም በልቻለሁ ብሎ የሚፎክር ጓደኛ ካላችሁ ፍሬምድ የሚባለውን ጌም ላኩለትና ዝም በሉ። ነፃ ነው፣ አፕ ማውረድ ምናምን የለም ብራውዘር ላይ ነው የሚከፈተው፣ በቀን አንድ ፊልም ይሰጥሃል በቃ። ከፊልሙ የተወሰደ አንድ ፎቶ ያሳይሃል፣ ርዕሱን ትጽፋለህ፣ ከሳትክ ሌላ ፎቶ ይጨምርልሃል፣ እስከ 6 ድረስ። አሪፍ የሚያረገው አደራደሩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ምንም የማይናገሩ ነገሮች ናቸው፣ ባዶ መንገድ፣ የሆነ ክፍል ጥግ፣ የሰው ጀርባ፣ ዋናው አክተር ፊቱን የሚያሳይህ እድልህ ሊያልቅ ሲል ነው።

እኔ የወደድኩት አይንን ስለሚፈትን ነው። የትኛው ፊልም ስንት ኦስካር ወሰደ የሚለውንማ ማንም ይሸመድደዋል፣ ታይታኒክ 11 እንደወሰደ ፊልሙን ያላየውም ያውቃል። ግን ሰው የሌለበት ኮሪደርና ብርቱካናማ ስድስት ማዕዘን ጥለት ያለው ምንጣፍ ብቻ አይቶ ይሄማ የኩብሪክ ዘ ሻይኒንግ ነው ለማለት ፊልሙን ቁጭ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ዳይሬክተሩ ዌስ አንደርሰን ከሆነ ደግሞ ሁሉ ነገር ግራና ቀኙ ተመዛዝኖ መሀል ላይ ስለሚደረደር ርዕሱ ባይመጣልህም የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ይገባሃል።

ቪዲዮ ቤት ላደግን ሰዎች ግን የራሱ ጣጣ አለው። እኛ'ኮ ፊልም በርዕስ አናውቅም፣ የቫንዳም ፊልም፣ የጃኪ ቻን፣ ያ ራሰ በራው ያለበት ነው የምንለው፣ ፎቶውን ሳየው ቀጥሎ ማን ማንን እንደሚጥል ሁሉ ይመጣልኛል ርዕሱ ግን ወፍ የለም። ጌሙ የሚፈልገው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ርዕስ ነው። ደግነቱ መጻፍ ስትጀምር ዝርዝር ስለሚያወጣልህ ስፔሊንግ አይገልህም።

ይሄ ከቀለላችሁ ሲኔ ቱ ነርድል ወደሚባለው ሌላ የፊልም ጌም ሂዱ፣ በተለይ ባትል ወደሚለው ጨዋታው። ከሌላ ሰው ጋር ትጋጠማለህ፣ አንዱ ፊልም ይጠራል ሌላው ከሱ ጋር በአክተር ወይ በዳይሬክተር ወይ በጸሐፊ ወይ በሙዚቃ ሠሪ የሚገናኝ ፊልም ይጠራል፣ ሰዓቱ እየቆጠረ። ለምሳሌ ብሮክን ፍላወርስ ካለህ በቢል መሪ ወደ ሎስት ኢን ትራንስሌሽን፣ ከዛ በስካርሌት ዮሃንሰን ወደ አቬንጀርስ፣ ከዛ በሳሙኤል ጃክሰን ወደ ፐልፕ ፊክሽን እያልክ ትቀጥላለህ። የተጠራ ፊልም አይደገምም፣ አንድን ሰው ደግሞ ከ3 ጊዜ በላይ ማገናኛ ማረግ አትችልም፣ ስለዚህ ሳሙኤል ጃክሰንን ይዞ ማምለጥ ቶሎ ያልቃል። ጨዋታው ያለው ይሄ ህግ ላይ ነው፣ ከዋናው አክተር አልፈህ ክሬዲት (የፊልሙን ሠሪዎች ስም ዝርዝር) የምታነብ ሰው ካልሆንክ አለቀልህ። እንደ ጆን ካዛል ዓይነቱን አክተር ማወቅ እዚህ ይጠቅማል፣ ሰውየው በሕይወት እያለ የሠራው 5 ረጅም ፊልም ብቻ ነው፣ አምስቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር የታጩ!

ቅር የሚለኝ ሁለቱም ወደ ሆሊውድ ማድላታቸው ነው። የኛን የሚፈልግ ራሱ ጥያቄ ማውጣት አለበት፣ እኛም ቤት ቡና እስኪፈላ የምንጠያየቀው እንደዛ ነው። የኃይሌ ገሪማ ጤዛ በፈረንጆቹ 2008 የተሸለመው የት ነው? ቬኒስ። ካን ፌስቲቫል ኦፊሻል ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም? የያሬድ ዘለቀ ላምብ፣ 2015። ቅድም ያልኩት ብሮክን ፍላወርስ ውስጥ የማን ሙዚቃ ነው ያለው? የሙላቱ አስታጥቄ፣ ይሄን ሁሉም ይመልሳል። አዲስ አበባ ተወልዳ ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር የታጨችው ማናት ስትል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ሩት ኔጋ ናት፣ ላቪንግ በሚለው ፊልም።

በቃ ለቤተሰብና ለቢሮ ግሩፕ ፍሬምድ ይበቃል፣ ጠዋት ሁሉም ውጤቱን ይለጥፋል፣ ስፖይለር (መልሱን የሚያወጣ ነገር) ስለሌለው ማንም አይጣላም። ባትል ግን ለሱሰኛ ነው። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ብራይትነሱን ከፍ አርጉት፣ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ምንም አይታይም።