«ራሷን ትነዳለች» ተብላ የተሸጠችልኝ መኪና፦ ከአዳማ፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህችን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛኋት ዓመት ሊሞላት ነው። ቤቴ አዳማ ነው፤ ሥራዬ ግን አዲስ አበባ ያመላልሰኛል። ስለዚህ ፈጣን መንገዱ ላይም፣ ከተማ ውስጥም፣ በአሮጌው የሞጆ መንገድም በደንብ ነድቻታለሁ። የመኪናዋን ስም አልጠቅስም። የምናገርለት መንዳትን የሚያግዝ ሥርዓት አሁን አገር ውስጥ በሚገቡ በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ የሚገኝ ነው።

ስለ ባትሪው ባጭሩ፦ ማታ ቤት ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ጠዋት እነሳለሁ። ወደ አዲስ አበባ ዳገት ስለሆነ ቶሎ ይበላል፤ ሲመለሱ ይቆጥባል። መብራት ሲጠፋ ያስጨንቃል። ወንበሩ ምቹ ነው፣ ኤሲው ለአዳማ ሙቀት ይበቃል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

መጻፍ የፈለግሁት ሻጩ ደጋግሞ ስላወራልኝ ነገር ነው። «ራሷን ትነዳለች፣ አንተ ቁጭ ማለት ነው» ይል ነበር። አትነዳም። ከፊት መስታወቱ ጀርባ ያለው ካሜራ የመንገዱን ቅብ ያያል። ራዳሩ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት ይለካል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አጣምሮ መሪውን ያስተካክላል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ፍጥነት ይጨምራል። ኤስ.ኤ.ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር የመኪና አነዳድን ከ0 እስከ 5 በደረጃ ከፍሎታል። የእኔዋ ደረጃ 2 ናት። በዚህ ደረጃ ነጂው ሰውየው ነው፤ ዓይኑ ከመንገድ መነሳት የለበትም። ጎበዝ ረዳት አለህ ማለት ነው እንጂ ሾፌር ቀጥረሃል ማለት አይደለም።

ረዳትነቷ ግን እውነተኛ ነው። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጥር አለው፣ ስድስት መስመር አለው፣ እግረኛና ባጃጅ አይገባበትም። እንዲህ ላለ የተስተካከለ መንገድ የተሠራ ዕቃ እዚያ ላይ ያምርበታል። ከፊቴ ያለው አይሱዙ ሲቀንስ ትቀንሳለች፣ ሲሄድ ትከተላለች። ማታ ደክሞኝ ስመለስ ትከሻዬን አሳርፋልኛለች። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ያለ ፍሬቻ ዘው ብሎ ሲገባብኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ሳይደርስ ፍሬን ይዛለች። ለዚያች ቅጽበት ብቻ ዋጋዋን የከፈለች ይመስለኛል። አማቴን ይዤ ስሄድ መሪው ለብቻው ሲዞር አይተው «ኧረ ልጄ፣ ያዘው እንጂ!» አሉኝ። ይዤው ነበር። እሳቸው ያሉት ግን መመሪያው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው።

ከክፍያ ጣቢያው ወጥተን አዳማ ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። ፍራንኮ አካባቢ ባጃጁ በግራም በቀኝም ነው። ጋሪ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ የመንገዱ ቅብ የጠፋበት ቦታ ሞልቷል። ስክሪኑ ላይ መኪናዋ የምታየው ነገር በሥዕል ይወጣል። ከፊት ያለው ጋሪ አንዴ ሞተር ሳይክል ይሆናል፣ ወዲያው ሰው ይሆናል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጋሪው ግን እዚያው ከፊቴ አለ። በበጋ ደግሞ የአዳማ ንፋስ አቧራውን ሲያነሳ ካሜራው ይሸፈንና ሥርዓቱ በጩኸት ይለቃል። ማስጠንቀቂያው በቻይንኛ ነው የሚጻፈው። ከተማ ውስጥ አጥፍቼው ነው የምነዳው፤ ሌላውም ሰው እንዲያጠፋው እመክራለሁ።

በጣም ያስደነገጠኝ በአሮጌው የሞጆ መንገድ ላይ ነው። የተበላሸ ተሳቢ መስመሩን ዘግቶ ቆሟል። እንደኛ አገር ልማድ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ተደርድሯል። እኔ ቅጠሉን ከሩቅ አይቼ ገባኝ። መኪናዋ ግን ፍጥነቷን አልቀነሰችም፤ ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ጽፈውታል፦ በፍጥነት ሲኬድ ራዳሩ የቆመ ነገርን ላይለይ ይችላል። ምክንያቱም ሥርዓቱ በየድልድዩና በየምልክቱ ፍሬን እንዳይዝ ሲባል የማይንቀሳቀስ ነገርን ቸል እንዲል ይደረጋል። ቅጠል ማለት አደጋ ማለት እንደሆነ ደግሞ ማንም አላስተማራትም።

የጋሪው ነገር ስክሪን ላይ ሲቀያየር ሳይ የማስበው አሪዞና ቴምፒ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 የደረሰውን ነው። የኡበር ራስ-ነጂ የሙከራ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምትሻገር ሴት ገድላለች። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር ኮምፒውተሩ ሴትየዋን አንዴ መኪና፣ አንዴ ያልታወቀ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ሲቀያይር እንደነበር አገኘ። በቀየረ ቁጥር ወዴት እንደምትሄድ የያዘውን ግምት ይጥለው ነበር። ከመሪው ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ታይ ነበር። ታዲያ ማን ተጠየቀ? ዓቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም። ሠራተኛዋ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋተኛነቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት።

እኛ ጋ ቢሆንስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም ነው፤ መልሱ ግን ግልጽ ነው። ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ። የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ በሩን ይዘጋዋል፦ ጥፋት የለብኝም፣ ምክንያቱ አይታወቅም፣ ላስቀረው አልችልም ነበር፣ ሌላ ሰው ነው ያጠፋው ማለት አያድንም። የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ነው» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም። ሰው ከሞተ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 አለ፤ በቸልተኝነት መግደል። ወንጀሉ የሚጠይቀው ሰውን እንጂ ሶፍትዌርን አይደለም።

እኔ ቁጥር 2081 እንዲነካ አልፈልግም። እግሩ የተሰበረ ባለጋሪ መሪውን የያዘው እጅ ይሁን ኮምፒውተር ማስረዳት የለበትም። ካሳውን ከባለቤቱ ማግኘቱ ትክክል ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ከሆነ እኔ የከፈልኩትን ከማን እጠይቃለሁ? ቁጥር 2085 አምራቹን ኃላፊ ያደርጋል። የዕቃው ጉድለት በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን አምራቹ ነፃ ይወጣል። የሶፍትዌር ጉድለት ጎማ ረግጦ፣ ኮፈን ከፍቶ አይታይም። በዚህ ክርክር ገዢው የሚያሸንፍ ይመስለኛል። ግን አምራቹ ቻይና ነው፣ አስመጪው ግለሰብ ነው፣ መኪናዋ የመዘገበችውን መረጃ የሚከፍት መሣሪያ ሻጩ ጋ የለም። ማስረጃው መኪናዋ ውስጥ ተቆልፎ እያለ ፍርድ ቤት ምን ይዤ እቀርባለሁ?

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት በሕግ መድፈን ጀምረዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ነጂውና ሥርዓቱ መሪውን ሲቀባበሉ ሰዓቱና ቦታው እንዲመዘገብ ታስገድዳለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ራሱን በሚነዳ መኪና አደጋ ሲደርስ መድን ድርጅቱ መጀመሪያ ተጎጂውን ይክሳል፣ ከዚያ አምራቹን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ደግሞ እውነተኛ ራስ-ነጂ ተብሎ በተፈቀደለት መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰው በአነዳድ ጥፋት እንዳይከሰስ፣ ያልተፈቀደለትን መኪና ራስ-ነጂ ብሎ ማስተዋወቅም ወንጀል እንዲሆን ደንግጋለች። አሜሪካ ማያሚ ላይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) በ2019 ለደረሰ አደጋ የመኪና አምራቹን ቴስላን 33 በመቶ ተጠያቂ አድርጎ ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስኖበታል። ነጂው ስልኩ ወድቆበት ሲፈልግ ነበር። ጁሪው ነጂውንም ቴስላንም ተጠያቂ አደረገ።

ለእኛ የሚቀርበው የቻይናው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ሻዎሚ የተባለው ኩባንያ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ተጋጭታ ሦስት ሰዎች ከሞቱ በኋላ የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር አምራቾችን ሰብስቦ የተጋነነ የራስ-ነጂ ማስታወቂያ እንዲያቆሙ አዘዘ። ቻይና ውስጥ እንዳይባል የተደረገው ነገር እዚህ በየመኪና መሸጫው በየቀኑ ይባላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ገዢው ወደነዚህ መኪኖች ዞሯል። ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሳ ሾፌር ደግሞ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ማሳሳቻ ማስታወቂያ የሚከለክል አዋጅ እኮ አለን፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006። እዚህም ላይ ይሥራ።

ኢንሹራንስ ላድስ ስሄድ ስለዚህ ሥርዓት ማስረዳት ፈልጌ ነበር። ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። ጸሐፊዋ «እኛ የምናየው መንጃ ፈቃዱን ነው» አለችኝ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፣ እሱ አለኝ። ሙሉ ሽፋን ያለውንም ገብቻለሁ። ይህን መኪና የሚገዛ ሰው ሙሉውን ይግባ፤ ሥርዓቱ በርቶ አደጋ ቢደርስ እንደሚከፍሉም በጽሑፍ ያስረግጥ።

መኪናዋን መልሼ እገዛታለሁ ወይ? አዎ፣ ለፈጣን መንገዱ ስል። ግን በሌላ ውል። ሰነዱ ላይ ደረጃ 2 መሆኗ ይጻፍ። የማስጠንቀቂያው ቋንቋ እንዲቀየር፣ አደጋ ቢደርስ መረጃው የሚከፈትበት መንገድ አስመጪው እንዲያቀርብ ይጻፍ። ሻጩ «ራሷን ትነዳለች» ካለም ይህንኑ ፊርማው ሥር ያስፍረው። አልጽፍም ካለ ለእሱ ብሎ ዋጋው ላይ የጨመረውን ይቀንስ።