የዘር ድንች ፈላጊዎች፣ ሂርማታ ላይ አንዲት እናት አለችላችሁ

ጓሯችሁ ድንች ለመትከል ያሰባችሁ የጅማ ሰዎች፣ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ሂርማታ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ተራ ዝለቁ። የወጥ ድንች ከሚሸጡት ፈንጠር ብላ የምትቀመጥ አንዲት እናት አለች። ድንቿ አረንጓዴ ነው፣ ጎንቁሏል። «ይሄማ ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳታልፏት።

እማማን የማመሰግናት የማይሆነውን አይሆንም ስለምትል ነው። ትልልቁን ላነሳ ስል እጄን መለሰችው። «ልጄ፣ እሱን ቀቅለሽ ብይው።» ለዘር የዶሮ እንቁላል የሚያክለው ይበቃል። ትልቁን ቆራርጦ መትከል ደግሞ አትወድም፤ ቢላዋው በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምታል።

ጎንቁሉን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። አጭር፣ ወፍራም፣ ንቅንቅ የማይል። ጨለማ ውስጥ የከረመ ድንች ረጅም ነጭ ክር ያወጣል፤ እሱ ገና ሳይተከል ይሰባበራል። የእሷ የሚከርመው ቤቷ ጀርባ፣ የቀርከሃ ቆጥ ላይ ነው። ብርሃን ያገኛል፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይመታውም። አረንጓዴ የሆነውም ለዚሁ ነው። ታዲያ ተርፎኛል ብላችሁ ወጥ ውስጥ እንዳትከቱት፣ መርዝነት አለው።

ትናንት የተቆፈረውንም ለዘር አትሸጥም። ሁለት ሦስት ወር ካልተኛ የት ይጎነቁላል?

እኔን የገዛችኝ ግን አጠውልግ በሚባለው የድንች በሽታ ጉዳይ ነው። የጠረጠረችውን ድንች ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ካለውና ጫን ሲሉት ነጭ ዝልግልግ ካወጣ፣ አለቀለት። ይሄ በሽታ አንዴ ጓሮ ከገባ አፈሩ ውስጥ ይከርማል፤ ድንቹም ቲማቲሙም ይጠወልጋል። እኔ ፊት አንዱን ሰንጥቃ አየችና ጆንያውን እንዳለ ከሽያጭ አወጣችው። ኪሳራውን አስቡት እንግዲህ። ስንቱ ነው አፈር ነስንሶ የሚሸጠው!

ያላት ጉደኔና በለጠ ነው፤ ሁለቱም ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው። በለጠ ምርቱ ይበዛል፣ ዝናብ ሲያዘወትር ቅጠል የሚያጠቁረውንም በሽታ ይችላል። ለወጥ ግን እኔ ጉደኔን እመርጣለሁ። አተካከሉንም የነገረችኝ እሷ ናት። ባለሙያዎች በመስመር መሀል 75፣ በተክል መሀል 30 ሳንቲሜትር ይላሉ። እማማ ክንድ ተኩልና ስንዝር ተኩል ብላ በእጇ ለክታ አሳየችኝ። ያው ነው።

ዋጋዋ ከወጥ ድንች ወደድ ይላል፣ ቢሆንም ያዋጣል። የኔ እኩል በቅሎ አሁን አበባ ላይ ነው። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ሐሙስ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ያልቅባታል። ጆንያ ሳይሆን ቅርጫት ያዙ፤ ጎንቁሉ ከረገፈ እንዳትቆጣችሁ።