ባለ 9 ክንፍ የዘይት ሂተር፣ ሱሉልታ ላይ ከአሥር ወር በኋላ

ሂተሩ 2000 ዋት ነው፤ አንደኛው ማብሪያ 800፣ ሁለተኛው 1200፣ ከላይ ደግሞ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቴርሞስታት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር፣ ከዚያም ሐምሌና ነሐሴን ሠርቷል። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ። የኅዳር ውርጭ ከእንጦጦ ማዶ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሻጭ «ይሄኛው መብራት አይበላም» ካለ አትመኑት። በሽቦ የሚሞቅ ሂተር ሁሉ፣ ኳርትዝም (ቀይ ሆኖ የሚግል ዘንግ ያለው) ይሁን ባለ ፋን ወይም ባለ ዘይት፣ ከቆጣሪ የሚወስደውን ያህል ነው የሚያሞቀው። ልዩነቱ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ነው። ኳርትዙ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ወዲያው ያሞቃል፣ ክፍሉን ግን አያሞቅም። ባለ ፋኑ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል፤ ግን ይጮሃል፣ ሲጠፋም ብርዱ ወዲያው ይመለሳል። የዘይቱ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሲሄድ ግን ሌላ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፣ ይህ ደግሞ እዚህ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው።

ፍጆታውን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ የምትበልጭ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ 1000 ወይም 1600 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበልጭ ማለት ነው። ሂተሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር፣ በ60 ማባዛት፣ ለዚያ ቁጥር ማካፈል። 1600 በተጻፈበት ቆጣሪ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 52 በለጨች፤ 1.95 ኪሎ ዋት፣ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ብዙም አይርቅም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ግን 41 ብቻ፤ 1.54 ኪሎ ዋት። ሂተሩ አልተበላሸም። ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ገደማ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር (ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ) ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ «ምሽት አያሞቅም» ብሎ ስታቢላይዘር መግዛት ብክነት ነው፤ ትንሹ ስታቢላይዘር ይህን ጭነት ስለማይችል ራሱ ይቃጠላል።

ገንዘቡስ? ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 4.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፣ በወር 138። ኪሎ ዋት ሰዓቱን ለስሌት 5 ብር ብንለው 690 ብር። ቴርሞስታቱ መሃል ላይ ሲሆን በምሽት ወደ 3.4 ወረደ። ሌላው ቅናሽ ግን ከሂተሩ አልመጣም፤ ከኮርኒሱና ከበሩ መጣ። ችፑዱና ግድግዳው የሚገናኙበት ክፍተት በጂፕሰም ተደፈነ፣ የብረት በሩ ዙሪያ የስፖንጅ ጎማ ተለጠፈበት፣ ከሥሩ የተጠቀለለ ጆንያ ተቀመጠ፤ ምሽቱ ወደ 2.5 ወረደ፤ በወር 75፣ በዚያው ስሌት 375 ብር። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ሂተሩ የቤቱን ጠቅላላ ፍጆታ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋዋል፤ ሂሳቡ መሠራት ያለበት ከቤቱ ፍጆታ ጋር ተደምሮ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንዲህ የተደፈነ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ በጭራሽ አይገባም፣ ይገድላል።

ችግሮቹን በተመለከተ፣ ሁለት ጎማ በሦስተኛው ወር ሲሚንቶ ወለል ላይ ተሰበረ። ሲሞቅ ቷ ቷ የሚለው ብረቱ ሲለጠጥ ነው፣ ጉዳት የለውም። የከፋው ስፒናው ነው። ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ተሰክቶ በሁለት ሳምንት አንደኛው እግሩ ጠቆረ፣ የሶኬቱ ፕላስቲክም ለሰለሰ። 2000 ዋት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ቀጥታ ግድግዳ ላይ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በተዘረጋለት ባለ 16 አምፔር ሶኬት ላይ መሰካት አለበት። የእንጀራ ምጣድ በሚጋገርበት ሰዓት አብሮ ማብራት አይሆንም፣ ብሬከሩ ይጥላል። አርዝ የሌለው ሶኬት ላይ ደግሞ የብረት ገላው ሊነዝር ይችላል።

በክረምት የሕፃን ልብስ ለማድረቅ ላዩ ላይ መጣል ብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ያለው የሙቀት ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሂተሩም ጸጥ ይላል። ጠጋኝ «ቀጥታ ላድርግልህ» ካለ እምቢ ማለት ነው፤ ያ ፊውዝ ከእሳት በፊት ያለው የመጨረሻ መከላከያ ነው፣ በዚያው ቁጥር ፊውዝ ይተካ።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ 20 ደቂቃ አሠሩትና ገመዱን ጨብጡት፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ ካቃጠለ ግን ተዉት። ተጋድሞ ከተጓጓዘ ደግሞ ዘይቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ቤት ሲደርስ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቆሞ ይቆይ። ምሽት አንድ ሰዓት ብቻ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው ይህ ሂተር ከብዶታል፣ ባለ 800 ዋት ኳርትዝ ይበቃዋል።